አሮጌው አውቶሞቢል በመርማሪው ፊት

«ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ብሂል ለታላላቅ የታሪክ ጉዳዮች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በየዕለቱ በእጃችን ለምንይዘው ለጥቂቱም ነገር ያገለግላል። አውቶሞቢል ያለው ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ቀን መኪናውን ወደ ምርመራ ይወስዳል። ተራውን ጠብቆ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውንና ፍሬቻውን ያስመረምራል። ሲያልፍለት ቦሎውን ለጥፎ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሳያልፍለት ሲቀር ደግሞ መርማሪውን እየወቀሰ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ከየት መጣ፣ ማንስ ጀመረው፣ ስለ ምንስ ተጀመረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

እኛም ይህን ጥያቄ ከሥሩ ጀምረን ለመመልከት አሰብን። ለምሳሌም የጀርመንን አገር መረጥን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ አውቶሞቢልም የአውቶሞቢል ምርመራም በዚያ አገር ከአንድ ከተማ የወጡ በመሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ዕድሜው ከብዙዎቹ ሕጎች የሚበልጥ አሮጌ መኪና ከባሕር ማዶ ሲመጣ ሕግ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ ያ አገር በዝርዝር ያሰበበት መልስ ያለው በመሆኑ ነው። ይህም ጥያቄ፣ ኋላ እንደምናሳየው፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ከእንፋሎት ጋን የተወለደ ምርመራ

በ1865 ዓ.ም. በማንሃይም ከተማ በአንድ የቢራ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ጋን ፈነዳ። በዚያ ዘመን የእንፋሎት ኀይል የፋብሪካ ሁሉ ነፍስ ነበረ፤ ጋኑም ሲያረጅ፣ ሲዝግ ወይም ያለ ልክ ሲጋል እንደ መድፍ የሚፈነዳ ነበረ። ሠራተኛው በጥቂት ደመወዝ ከሞት አጠገብ ቆሞ ይውል ነበር። ከዚያ ፍንዳታ በኋላ በሚከተለው ዓመት በ1866 የባደን አውራጃ የጋን ባለቤቶች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩም ሥራ ባለሙያ መሐንዲስ ቀጥሮ የአባሎቹን ጋን በየጊዜው ማስመርመር ነበረ። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የእንፋሎት ተጠቃሚዎች ቀደም ብለው ያደረጉት እንዲህ ያለ ማኅበር አብነት ሆኗቸው ነበር።

በዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። ምርመራው የተጀመረው በመንግሥት ትእዛዝ አይደለም፤ በባለቤቶቹ በራሳቸው ነው። ጋኑ የፈነዳበት ሰው ጎረቤቱንም ራሱንም እንደሚገድል ስላወቁ፣ ከራሳቸው ጥቅም የማይወግን፣ ከእነርሱ ውጭ የሆነ ዓይን ፈለጉ። መንግሥትም ይህን ባየ ጊዜ ማኅበሮቹ ያደረጉትን ምርመራ እንደ ራሱ ምርመራ አድርጎ ተቀበለ። በየአውራጃው የተነሡት እነዚህ ማኅበሮች ናቸው ዛሬ በጀርመን አገር ሰው ሁሉ በአጭሩ «ቱፍ» እያለ የሚጠራቸውን የምርመራ ድርጅቶች የወለዱት።

ከፍንዳታው 21 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በማንሃይም ከተማ፣ ካርል ቤንዝ የተባለ መሐንዲስ በቤንዚን የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ሠረገላ ሠርቶ በጃኑዋሪ 29 ቀን 1886 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የመብቱም ቍጥር 37435 ነበረ። በ1888 የባደን ሹማምንት ቤንዝ በከተማይቱና በአካባቢዋ መንገድ ላይ በዚህ ሠረገላ ይሄድ ዘንድ የጽሑፍ ፈቃድ ሰጡት። ድምፁና ሽታው ሕዝቡን ያስቸግር ስለ ነበረ ያለ ፈቃድ መሄድ አልተቻለም ነበር። አውቶሞቢል ገና ከመወለዱ ከሹም ፊት ቆሞ ወረቀት የተቀበለ ፍጥረት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የቤንዝ ሚስት ወይዘሮ ቤርታ ለባልዋ ሳትነግር ሁለቱን ወንዶች ልጆችዋን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፕፎርስሃይም ተነሣች። መንገዱም ከ100 ኪሎሜትር የሚበልጥ ነበረ። ነዳጅ ያለቀባት ጊዜ ቪስሎኽ በምትባል ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። በቍልቍለት ላይ የፍሬኑ እንጨት ሲበላ ጫማ ሰፊ ጠርታ ቆዳ አስለበጠችው። የዛሬ መካኒክ የፍሬን ሸራ የሚለው ነገር በዚያ መንገድ ላይ ተገኘ ይባላል። ስትመለስም ሠረገላው ዳገት ለመውጣት አቅም እንዳነሰው ለባልዋ ነግራው አሻሻለው። እንግዲህ የመጀመሪያው የመንገድ ላይ ምርመራ በሹም ሳይሆን በአንዲት እናት የተደረገ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሠረገላው ስም ሲሰጠው

ሰው ያለ ስም እንደማይጠራ ሁሉ አውቶሞቢልም በበዛ ጊዜ መለያ አስፈለገው። በዚህ ረገድ ፈረንሳይ ቀደመች። የፓሪስ ፖሊስ ሹም በኦገስት 14 ቀን 1893 ባወጣው ደንብ እያንዳንዱ ባለ ሞተር ሠረገላ የባለቤቱን ስምና አድራሻ፣ የተሰጠውንም የፈቃድ ቍጥር የያዘ ሰሌዳ እንዲለጥፍ አዘዘ። ያው ደንብ ሠረገላው አስቀድሞ በመሐንዲስ እንዲመረመር፣ ነጂውም ችሎታውን እንዲያስመሰክር ያዝ ነበር። እንግሊዝ አገር በ1865፣ ይኸውም የማንሃይም ጋን በፈነዳበት ዓመት፣ በመንገድ ላይ በኀይል የሚሄድ ሠረገላ ሁሉ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ ቀድሞት እንዲሄድ ደንግጋ ነበር። ሕጉም አዲሱን ነገር ለ31 ዓመት ያህል አስሮ ከቆየ በኋላ በ1896 ተለወጠ። አውቶሞቢሎች ሁሉ ቍጥር እንዲኖራቸው ያዘዘው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ በ1903 ወጥቶ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 1904 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ጀርመንም በ1909 የአውቶሞቢልን ጉዞ በአንድ ሕግ ጠቀለለች። ከዚያ ወዲህ መኪና ያለ ምዝገባ፣ ነጂም ያለ መንጃ ፈቃድ በአደባባይ መንገድ ላይ መውጣት ተከለከለ። መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኀላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር መንግሥታት በፓሪስ ተሰብስበው መኪና ከአገር ወደ አገር ስለሚሻገርበት ሁኔታ የመጀመሪያውን ስምምነት ተፈራረሙ።

ነገር ግን መኪና አንድ ጊዜ ተመርምሮ ከተመዘገበ በኋላ በየጊዜው ተመልሶ እንዲመጣ የሚያስገድደው ሥርዓት የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጀርመን አገር ከዲሴምበር 1 ቀን 1951 ጀምሮ ምርመራው በተወሰነ ጊዜ እንዲደገም ታዘዘ። ይሁን እንጂ ቀኑ ደርሶበት የቀረውን ሰው ለይቶ ማወቅ ፖሊስን አስቸገረው። ስለዚህ ከ1961 ጀምሮ በኋላው ሰሌዳ ላይ ክብ ምልክት መለጠፍ ተጀመረ። ቀለሙ ዓመቱን፣ ወደ ላይ የሚውለው ቍጥር ወሩን ስለሚያሳይ መንገድ ዳር የቆመ ፖሊስ ከሩቅ አይቶ ያውቃል። የእኛ ቦሎ የዚህ ምልክት ወንድም ነው። ቦሎም ታርጋም የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ ቋንቋችን የገቡ መሆናቸው፣ ሥርዓቱ በየትኛው በር እንደ ደረሰን ይመሰክራሉ።

እርጅና እንደ ቅርስ የተቈጠረበት ዓመት

እስከዚህ ድረስ ያየነው ሕግ አንድ ዓላማ ብቻ ነበረው፤ ይኸውም መንገደኛን ከአደጋ መጠበቅ ነው። አዲሱ መኪና ከአሮጌው የተሻለ ስለ ሆነ ሕጉ በየዓመቱ እየጠበቀ ሄደ። የደኅንነት ቀበቶ፣ የተሻለ ፍሬን፣ የተሻለ መብራት፣ የጭስ መጠን፣ እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ታዘዙ። እንዲህ ከቀጠለ ግን አንድ ቀን ያለፈው ዘመን መኪና ሁሉ ከመንገድ ይጠፋል፤ የሚቀረውም በሙዚየም ውስጥ እንደ ደረቀ አበባ ቆሞ የሚታየው ብቻ ይሆናል። መኪና ደግሞ ሲሄድ ካልታየ፣ ድምፁም ካልተሰማ፣ ግማሹ ታሪኩ ጠፍቷል።

ይህን ያሰቡ ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ማኅበር አቋቋሙ። የብዙ አገሮችን ማኅበሮች የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ1966 ተመሠረተ። በእንግሊዝ አገርም የ1896ቱን ነጻነት ለማስታወስ ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪናዎች ከሎንዶን ወደ ብራይተን የሚሄዱበት በዓል በየዓመቱ በኖቬምበር ወር ይደረጋል።

የጀርመን ሕግ ጉዳዩን በግልጽ የደነገገው በ1997 ነው። በዚያ ዓመት የመኪና ግብር በሚያወጣው ጭስ መጠን እንዲከፈል ሲወሰን፣ ጭስ ማጣሪያ የሌላቸው አሮጌ መኪናዎች ላይ የሚወድቀው ዕዳ ከባድ ሆነ። ስለዚህ መንግሥት ለታሪካዊ መኪናዎች የተለየ ታርጋ አወጣ። በቍጥሩ መጨረሻ «ሃ» የተባለው ፊደል ይጨመርበታል፤ ትርጕሙም በጀርመንኛ «ታሪካዊ» ማለት ነው። ይህን ታርጋ የያዘ መኪና የሞተሩ መጠን ምንም ያህል ቢሆን በዓመት 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ብቻ ግብር ይከፍላል። በጃኑዋሪ 2008 በርሊን፣ ኮሎኝና ሃኖቨር ጭሳም መኪና ወደ መካከለኛው ከተማ እንዳይገባ ሲከለክሉም ባለ «ሃ» ታርጋው እንዲያልፍ ተፈቀደለት።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ክብር ለማን ይሰጣል? መጀመሪያ መንገድ ላይ ከዋለ ቢያንስ 30 ዓመት ለሞላው፣ በአብዛኛው የተሠራበትን መልክ ለጠበቀ፣ በጥሩ ሁኔታ ለተያዘና የአውቶሞቢልን ጥበብ ቅርስ ለመንከባከብ ለሚያገለግል መኪና ነው። ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። ተጥሎ የዛገው መኪናም፣ ተንከባካቢ አግኝቶ የቆየው መኪናም እኩል አርጅተዋል፤ ሕጉ ግን አንዱን ቍርጥራጭ ብረት፣ ሌላውን ቅርስ ብሎ ይጠራቸዋል። የሚለያያቸው የባለቤታቸው ትጋት ነው።

የአባት ቮልስ

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥልን አንድ ምሳሌ እናቁም። በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አለ እንበል። አባቱ በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን መምህር ሆነው ኖረው ሲያርፉ አንድ ቮልስዋገን ትተውለታል። ልጆቹን ሁሉ ትምህርት ቤት ያደረሰው፣ ለሠርግም ለለቅሶም የሄደው ያ ቮልስ ነው። ልጁም መኪናውን በጅቡቲ ወደብ አሻግሮ፣ ወደ ተሠራበት አገር ወስዶ፣ በአባቱ መሪ ላይ እጁን አድርጎ መንዳት ይፈልጋል። ጀርመኖች ይህን መኪና በአገራቸው ቋንቋ ጥንዚዛ ይሉታል። በልዩ ልዩ አገር 21,529,464 ያህል ተሠርቶ የመጨረሻው በሜክሲኮ በጁላይ ወር 2003 ወጥቷል።

የመጀመሪያው ደጅ ጉምሩክ ነው። በአውሮጳ ኅብረት ሕግ መሠረት ከውጭ የሚገባ ተራ መኪና 10 ከመቶ ቀረጥ ይከፍላል፤ በጀርመን ደግሞ በዚያ ላይ 19 ከመቶ የተጨማሪ ዋጋ ግብር ይጨመርበታል። ነገር ግን መኪናው 30 ዓመት የሞላው፣ ዓይነቱ መሠራቱ ያቆመ፣ ሻንሲው፣ መሪው፣ ፍሬኑና ሞተሩም ዋና ለውጥ ያልደረሰበት ከሆነ በታሪክ ሰብሳቢዎች ዕቃ ተራ ይቈጠራል። ያን ጊዜ ቀረጡ ቀርቶ ግብሩ 7 ከመቶ ይሆናል። ማጓጓዣውን ጨምሮ 10,000 ዩሮ የተገመተ መኪና በተራው መንገድ 3,090 ዩሮ ሲከፍል፣ በዚህኛው መንገድ 700 ዩሮ ብቻ ይከፍላል። ልዩነቱ ለአንድ ደመወዝተኛ ትንሽ አይደለም። ልጁ ይህን እንደ ጨረሰ ጉምሩኩ ዕዳ እንደሌለበት የሚመሰክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ያለዚያ ወረቀት ማንም አይመዘግብለትም።

ሁለተኛው ደጅ መርማሪው ነው። መኪናው ገና ታርጋ ስለሌለው ወይ በሌላ መኪና ተጭኖ ወይም ቢበዛ ለ5 ቀን በሚያገለግል ጊዜያዊ ታርጋ ይሄዳል። መርማሪውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ መኪና ማን ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ያለው በኋላው ወንበር ሥር በመካከለኛው ሻንሲ ላይ በተመታው ቍጥር ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በተሠራ ቮልስ የቍጥሩ ሦስተኛ አኃዝ የምርቱን ዓመት ይናገራል። አኃዙ 8 ከሆነ መኪናው ከኦገስት 1967 እስከ ጁላይ 1968 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ ብቻ የተጠመደ አንድ ወጥመድ አለ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀን «ጥር 10 ቀን 1961» ነው እንበል። ተርጓሚው ዘመኑን ሳይለውጥ እንዳለ ከገለበጠው፣ በ1967 ወይም በ1968 የተሠራ መኪና ከስድስት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ተመዝግቦ ነበረ ማለት ይሆናል። መርማሪው ይህን ሲያይ ወይ ሻንሲው ተለውጧል፣ ወይ ወረቀቱ ሐሰት ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የእኛ ጥር 10 ቀን 1961 ለእነርሱ ጃኑዋሪ 18 ቀን 1969 መሆኑ በትርጕሙ ላይ በግልጽ ሲጻፍ ግን ቍጥሩና ወረቀቱ ይታረቃሉ። ጥቅሙ በዚህ ብቻ አያበቃም። በቤንዚን የሚሄድና ከጁላይ 1 ቀን 1969 በፊት የተመዘገበ መኪና ከጭስ ምርመራ ነጻ ነው፤ የአባትየው ቮልስ በአምስት ወር ተኩል ቀድሞ አመለጠ። አንድ ቀን በትክክል መጻፉ ወይም አለመጻፉ ምን ያህል እንደሚያደርስ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንባቢያችን ከዚህ ያስተውላል።

ቀጥሎ «ሰው ይጐዳልን?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መኪናው በማንሻ ላይ ወጥቶ ከሥሩ በመብራት ይታያል። የቮልስ ድካሙ ከስፖርቴሎው ሥር በግራና በቀኝ በሚሄደው፣ ሙቀት በሚያስተላልፈው ቦይና በወለሉ ጠርዝ ላይ ነው፤ ዝገት ከውስጥ ይበላዋል። በላዩ ላይ ቆርቆሮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ዓይንን ያታልል ይሆናል እንጂ የመርማሪውን መዶሻ አያታልልም። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ፣ የመሪው መጋጠሚያ፣ የጎማው ዕድሜ፣ መብራቱ የሚወድቅበት ስፍራ ሁሉ ይታያል። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 በእኛ አቈጣጠር ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ስለ ተዛወረች፣ ከዚያ ወዲህ የገባ መኪና መብራቱ ለቀኝ መንገድ የተሠራ ነውና በዚህ ረገድ ብዙ ችግር የለበትም። የደኅንነት ቀበቶ በጀርመን አገር በአዲስ መኪና የፊት ወንበሮች ላይ የታዘዘው ከጃኑዋሪ 1 ቀን 1974 ጀምሮ ስለ ሆነ አባትየው ያልነበራቸውን ቀበቶ ልጁ እንዲያስገባ አይገደድም። ነገር ግን ቀበቶ በሌለው መኪና ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን መጫን ክልክል ነው። ሕጉ ለትዝታ ጥቂት መንገድ ይለቅቃል፤ ሕፃኑን ግን ለትዝታ አይሰጥም። ይህም ተገቢ ነው፤ መንገድ የሚሻገር ሰው የገጨው መኪና ቅርስ መሆኑ አያጽናናውምና።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚረቀው ነው፤ «አሁንም ራሱን ነውን?» የሚል ነው። የአዲስ አበባን ጋራዦች የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይገባዋል። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን መካኒኮቻችን ያንዱን ሞተር ለሌላው አስገብተው፣ የተሰበረውን በይደው፣ የጎደለውን ቀርፀው መኪናዎችን ከሞት መልሰዋል። ያ ጥበብ ባይኖር አባትየው ቮልሱን ባልተዉት ነበር። አሁን ግን ያው ጥበብ በመርማሪው ፊት ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ነው፤ ለወዳጅም ለጠላትም የሚመሰክር ምስክር።

ደግነቱ ሕጉ በዚህ ላይ ጨካኝ አይደለም። መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሆኖ ሳይነካ እንዲቈይ አይጠይቅም። በዘመኑ የነበረ ተመሳሳይ ሞተር ቢገባበት፣ በሥርዓት ቢበየድ፣ ቀለሙ በዕድሜ ቢደበዝዝ ይቀበለዋል። መኪናው በተሠራ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ውስጥ የተለመደ የነበረ ለውጥም እንደ ታሪኩ አካል ይታይለታል። የማይታገሠው ሦስት ነገር ነው፤ በብየዳ ሥር የተቀበረ ወይም እንደገና የተመታ የሻንሲ ቍጥር፣ ከኋለኛው ዘመን የመጣ ዋና ክፍል፣ ለይስሙላ ብቻ የተደረገ ጥገና። ይኸውም በአጭር ቃል መኪናው ቢያረጅም ቢጠገንም እንዳይዋሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መርማሪው ሁለት ወረቀት ይጽፋል። አንደኛው መኪናው ለመንገድ የበቃ መሆኑን፣ ሁለተኛው ታሪካዊ መሆኑን ይመሰክራል። ልጁም እነዚህን፣ የጉምሩኩን ወረቀት፣ ዋናውን ሊብሬ ከትርጕሙ ጋር፣ የመድን ማረጋገጫውንም ይዞ ወደ ሦስተኛው ደጅ፣ ወደ ምዝገባው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። በ1951 የተቋቋመውና በፍሌንስቡርግ ከተማ የሚገኘው የፌዴራል የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት በሚይዘው መዝገብ መኪናው የተሰረቀ አለመሆኑ ይጣራል። ከዚያ በኋላ ታርጋው ይታተማል፤ ማኅተሙና ክቡ የምርመራ ምልክት ይለጠፍበታል። ከዚያ ወዲህ በየ24 ወሩ ተመልሶ ይመረመራል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ መርማሪው ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። ቅርስነቱ በአንድ ቀን የተሰጠ ማዕርግ ሳይሆን በየጊዜው የሚታደስ አደራ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን

በአገራችንና በጀርመን መካከል ያለው የአውቶሞቢል ዝምድና ከቮልስ ይቀድማል። አጼ ምኒልክ በነበሩበት ዘመን፣ በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ ገደማ፣ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ እያንዳንዳቸው ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ መንገድ በሌለበት አገር አውቶሞቢል ይዘው ወጥተዋል። ሆልትስም «በአውቶሞቢል ወደ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ» የሚል መጽሐፍ በበርሊን በ1908 አሳትሟል። ያን ጊዜ ታርጋ የሚሰጥ ሹም፣ ፍሬን የሚመረምር መሐንዲስም በአገራችን አልነበረም። ዳገቱና ድንጋዩ ብቻ መርማሪ ነበሩ፤ እነርሱም ለማንም አያደሉም ነበር።

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። በ2024 መንግሥታችን በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለ አየርና ስለ ውጭ ምንዛሪ ሲታሰብ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ አንከራከረውም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ ከአገር የወጣ አሮጌ ቮልስ የሚመለስበት በር ጠብቧል ማለት ነው። ልጁ የአባቱን መኪና ሲያሻግር ለራሱ ትዝታን ያተርፋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከመንገዷ አንድ ትዝታ ታጣለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ስለዚህ አሮጌ መኪና በግቢው ያለው አንባቢያችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንመክራለን። ሊብሬውንና የጉምሩክ ወረቀቱን እንደ ርስት ሰነድ ይጠብቅ። መካኒኩ በሚበይድበት ጊዜ የሻንሲውን ቍጥር እንዳይነካ አደራ ይበል። የተለወጠውን ሁሉ፣ መቼና በማን እንደ ተለወጠ፣ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ይህ ለማንም አገር መርማሪ የሚበጅ ነው፤ ለገዛ ልጆቹም ከሁሉ ይልቅ ይበጃቸዋል። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው፣ ሹማምንትም በሥራቸው ላይ ይህን ያስቡት ዘንድ እንወዳለን፤ ሕግ አሮጌውን ሁሉ ማስወገድ አይገባውም፤ አሮጌውንም ሁሉ ማክበር አይገባውም። ለይቶ መጠየቅ ነው ሥራው።

ከማንሃይሙ ጋን ጀምሮ እስከ አባትየው ቮልስ ድረስ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመልሰናል። ምርመራ የተጀመረው ሰው በሰው ላይ ስለ ጠነከረ ሳይሆን፣ በየፋብሪካው ጋን አጠገብ ቆሞ ይውል ስለ ነበረው ድሀ ሠራተኛ ነው። ከእንግዲህ ወዲያ ቦሎ ለማውጣት በተራ የቆመ አንባቢያችን ከመቈጣቱ በፊት ያን ሠራተኛ ቢያስበው ደስ ይለናል፤ መርማሪውም በፊቱ የቆመው ብረት የአንድ ሰው አባት የነዳው መሆኑን ቢያስብ እንዲሁ።